የሰፈራችን ሜዳ፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017

ዛሬ ሜዳውን ዞር ዞር ብለን አየነው። ስድስት ነን። ሁላችንም ከጃን ሜዳ ብዙ በማይርቀው በዚህ ሰፈር ነው ያደግነው። ጉልበታችን ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ የዚህ ሜዳ ነው። አሁን ልናድሰው ነው። ሥራው እስኪያልቅ ማስታወሻ እይዛለሁ ብያለሁ። ሌላ ሰፈር ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ያሰበ ሰው ካለ፣ እኛ የተሳሳትነውን እንዳይደግም ይረዳዋል።

ያለን ነገር ይኼ ነው። አንድ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። ቅርጫት ኳሱም መረብ ኳሱም እዚያው ነው። ከጎኑ ትንሽ የአፈር ኳስ ሜዳ አለ። ሦስት ደረጃ ያለው የአርማታ መቀመጫ አለ። ድሮ የጠረጴዛ ቴኒስ ቤት የነበረች አንዲት ክፍል አለች። አሁን የተሰበረ ወንበርና የእድር ድንኳን ብረት ታጭቆባታል። ሽንት ቤቱ በር የለውም።

የሲሚንቶው ሜዳ በላይኛው ጥግ ተሰነጣጥቋል። አንዳንዱ ስንጥቅ ጣት ያስገባል። ከሁለቱ የቅርጫት ቦርዶች አንዱ ወድቋል። ቀሪው ደግሞ ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ዘሟል።

ሁላችንም መጀመሪያ ያሰብነው ቀለም ነበር። ሰማያዊና ቀይ ሜዳ፣ ነጭ መስመር፣ ፎቶ የሚያምር። መሀላችን መንገድ ሥራ ላይ የሚውል ጓደኛ አለን። እሱ ግን ሜዳውን ትቶ ወደ ላይኛው መንገድ ወጣ። እዚያ ቆሞ ጠራን። «ክረምት ላይ የዚህ ሁሉ መንገድ ውሃ የት ይገባል?» አለን። ዝም አልን። መልሱን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሐምሌ ላይ በዚያ ጥግ ወረቀት ጀልባ እንነዳ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ ሜዳውን ሊሾ አድርጎ ቀለም ቀብቶት ነበር። አንድ ክረምት አልተሻገረም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ስለዚህ ዛሬ የወሰንነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ውሃው መንገድ ያገኛል። ቀለም የመጨረሻ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ጋሼ ዘንድ ሄድን። ሦስት ትውልድ ያሠለጠኑን ሰው ናቸው። ሜዳው መቼና እንዴት እንደተሠራ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ቦታው ድሮ የአንድ ባለጸጋ ጓሮ ነበር አሉን። ባሕር ዛፍና ሣር ብቻ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 47። ቀበሌም አብሮት መጣ። ጓሮው የቀበሌ ሆነ። ወጣቶቹ «ሜዳ ይሁንልን» አሉ። ድንጋዩን በባሬላ ተሸክመው ያነጠፉት እነሱ ናቸው።

«ያን ጊዜ ቀበሌ ማለት ለእኛ ሁለት ነገር ነበር» አሉ ጋሼ። «የምንፈራው ነገር ነበረው። የምንወደው ደግሞ ይኼ ሜዳ ነበር።» ከዚህ በላይ አላብራሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ቀጥሎ ፊታቸው በራ። ወደ 1954 ተመለሱ። የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን፣ ማለት ግብፅን፣ ገጠመች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። ጋሼ ጨዋታውን በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አላዩትም። ከስታዲየሙ ውጭ፣ ጩኸቱን እየሰሙ ነው የቆጠሩት። «አራቱንም በጆሮዬ ነው ያገባሁት» አሉን።

ከጥቅምት 16 እስከ 30

ይኼ ሁለት ሳምንት በደብዳቤ አለቀ። ቦታው የሕዝብ ስለሆነ የወረዳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦዩ ውሃውን የሚያወጣው ወደ ከተማው ቱቦ ስለሆነ ለእሱም ሌላ ፈቃድ። አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ላከን፣ ሌላው መልሶ ወደ አንዱ። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ቦታው ድረስ መጥታ አይታ ፈረመችልን። እግዜር ይስጣት።

ገንዘቡ ከሦስት ቦታ ነው የመጣው። የሰፈሩ ሰው በየቤቱ አዋጣ። እድሩ የራሱን ሰጠ። ቀሪውን ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ላኩ። እነሱ በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ላይ ይገናኛሉ። በ1984 እንደ ፈረንጆቹ የተጀመረ ነው። አንዱ ልጅ ስልክ ላይ «እዚህ ሣር ላይ ስጫወት እንኳ እግሬ የኛን ሲሚንቶ ነው የሚያስታውሰው» አለኝ። እውነቱን ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ቁፋሮ ተጀመረ። ቦዩ 46 ሜትር ይረዝማል። ስፋቱ 40 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ ከላይኛው ጫፍ 50 ሳንቲም። በአንድ ሜትር አንድ ሳንቲም እየወረደ ይሄዳል። ተዳፋቱን የለካነው ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልተን ነው። የቱቦው ሁለት ጫፍ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ያሳያል። ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ግን አይዋሽም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ዶማዬ የውሃ መስመር መታ። ውሃው ሽው ብሎ ወጣ። ሦስት ቤት ውሃ ተቋረጠበት፤ ያውም ውሃ በሚመጣበት ቀን። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንደኛዋ እናት ምንም አልተናገሩኝም። ባዶውን በርሜል ብቻ በዓይናቸው አሳዩኝ። ያ ከስድብ በላይ ተሰማኝ። የቧንቧ ሠራተኛው እስከ ማታ ጠገነው። እኛም ሦስቱን በርሜል ከሌላ ሰፈር በጀሪካን ተሸክመን ሞላን።

ከዚህ በኋላ ሕግ አወጣን። ከመቆፈራችን በፊት በየመቶ ሳንቲሙ በቀጭን ብረት ወግተን እናያለን። ደግሞም የድሮ ነዋሪ እንጠይቃለን። ካርታ ላይ የሌለውን ቧንቧ ሰው ያስታውሰዋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከሥራ ወጥተን ሁላችንም መጣን። በዚህ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠፋ ጊዜ የተጀመረ ነው ይባላል። ሜዳውን ለማጽዳት ከዚህ የተሻለ ቀን አልነበረም። ማንንም መለመን አላስፈለገንም፤ ሰው መጥረጊያውን ይዞ ራሱ መጣ።

ላስቲኩንና ፕላስቲኩን ለይተን ለቆሻሻ መኪና አዘጋጀን። ጭሱ ለልጆች ጥሩ ስላልሆነ ያቃጠልነው ቅጠሉንና ገለባውን ብቻ ነው። ክፍሏን ባዶ ስናደርግ ከስር የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛው ወጣ። ግማሹ ምስጥ በልቶታል። የመረቡ ብረት ግን እንዳለ ነው።

ቅዳሜና እሑድ፣ ኅዳር 14 እና 15

የቦዩ ግንብ አለቀ። በድንጋይ ገነባነው፣ ውስጡን ለሰንነው። በሩ ጋ ሰው የሚረግጥበትን በፍርግርግ ብረት ሸፈንነው።

እሑድ ደግሞ የተሰነጠቀውን ወለል ሰበርን። 12 ሜትር በ5 ሜትር። መጀመሪያ ዳር ዳሩን በግራይንደር ቀጥ አድርገን ቆረጥን። ከዚያ መዶሻና መሮ።

የመጀመሪያው ቁራጭ ሲነሳ ሁላችንም ተሰበሰብን። ጎኑን ውሃ አፍስሼ በእጄ ጠረግሁት። ደርብ ደርቡ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከላይ የመጨረሻው ሊሾ አለ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ቀዩ ቀለም የተጣበቀበት። ከስሩ ሌላ የሲሚንቶ ንጣፍ አለ። ከስሩ ደግሞ ሌላ፤ አረንጓዴ መስመር ያለው። አረንጓዴው እኛ ልጅ ሆነን የተጫወትንበት ነው። ከዚያ በታች የመጀመሪያው አርማታ አለ፤ ጠጠሩ ትልልቅ፣ ጠንካራ። ከሁሉም ስር ድንጋይ፤ ጋሼ የነገሩን የባሬላው ድንጋይ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አንዱን ዳበሱት። «ይኼ አልተነቃነቀም» አሉ።

ሜዳው በተበላሸ ቁጥር በላዩ ላይ ሌላ ይደረብበት ነበር ማለት ነው። ማንም ሥሩን አላየም። ሦስቱ ድርብ ሲደመር 14 ሳንቲም ነው። ይኼን ስንለካ አንዱ ጓደኛችን ብድግ ብሎ ሜትሩን ወደ ቅርጫቱ ይዞ ሄደ። ቀለበቱ ከወለሉ 2 ሜትር ከ91 ሳንቲም ሆነ። ሕጉ 3 ሜትር ከ5 ነው። ልዩነቱ ልክ 14 ሳንቲም! ምሰሶው በቦታው ነው ያለው። ከፍ ያለው ወለሉ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ሜዳ ላይ ጎበዝ የነበሩ ልጆች ሌላ ቦታ ሲሄዱ ለምን ኳሱ ቀለበቱን የፊት ጠርዝ እየመታ ይመለስባቸው እንደነበር አሁን ገባኝ። አንደኛው በክለብ ሙከራ ወድቆ ኳስ ተወ። «እጄ ከዳኝ» ብሎ ነበር። እጁ አልከዳውም። ዛሬ ማታ ደውዬ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ «ስንት ሳንቲም አልክ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

የአርማታ ቀን። ሳምንቱን ሙሉ ለዚህ ነው የተዘጋጀነው። የረጠበውን አፈር አውጥተን ገረጋንቲ ሞላንበት። የሚጠቀጥቅ ማሽን ለአንድ ቀን ተከራይተን በሁለት ዙር ጠቀጠቅነው። ስሩ ካልጠነከረ የላዩ አይቆምም።

ውፍረቱ 10 ሳንቲም ነው። በ60 ካሬ ሜትር 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። 40 ከረጢት ሲሚንቶ ገዛን። አሰፋፈሩ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ አራት ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲም ነው።

የመጀመሪያው ቡኬት፣ ማለት የተቦካው አርማታ፣ ቀጠነብን። ልጆቹ ቶሎ እንዲፈስላቸው ውሃ አብዝተውበት ነበር። ግንበኛው አስቆማቸው። «ውሃ ሲበዛ ለእጅ ይቀላል፣ ለሲሚንቶ ይከብዳል» አለ። ትርፍ ውሃው ሲተን ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳው ደግሞ ጥንካሬውን ይበላል። ያን ቡኬት ለመቀመጫው መርገጫ አደረግነውና እንደገና ጀመርን።

ማታ 11 ሰዓት ላይ አለቀ። ነገ ጠዋት በየሦስት ሜትሩ በግራይንደር እንሰነጥቀዋለን። ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ የሚሰነጠቅበትን ቦታ እኛ እንመርጥለታለን።

ከኅዳር 23 እስከ 29

ውሃ ማጠጣት ብቻ። ጠዋትና ማታ፣ ሰባት ቀን። ችግሩ የውሃ ነው። በጆንያ ሸፈንነውና ጆንያውን አራስነው፤ እንዲህ ሲሆን ትንሽ ውሃ ይበቃል። ከበሩ አጠገብ ሻይ የሚያፈሉት እማማ ከሰል ምድጃቸው ጎን አንድ በርሜል አስቀመጡልን። ልጆቹን ተራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ያላጠጣ ልጅ ቅዳሜ ብስኩት የለውም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ብየዳ። የቅርጫቱን ምሰሶ ሁለቱንም ከስር ቆርጠን 14 ሳንቲም ቀጠልንበት። ወለሉን ሁሉ ከመስበር ይኼ ይሻላል። በመጋጠሚያው ዙሪያ ላሜራ አለበስነው፤ ከዚያ አንቲረስት፣ ማለት ዝገት የሚከላከል ቀለም። ለወደቀው ቦርድ አዲስ ተሠራለት። ዛሬ ሜትሩ 3 ሜትር ከ5 አለ። ሦስት ጊዜ ለካን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ስለ ሽንት ቤቱ ማሰብ የጀመርነው በአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ምክንያት ነው። መረብ ኳስ ጎበዝ ናት፤ ግን ከስንት አንዴ ነው የምትመጣው። ለምን እንደሆነ ጠየቅናት። «ልብስ የምንቀይረው ቤት ሄደን ነው። ቤት ከገባን ደግሞ አንወጣም፤ ሥራ ይሰጡናል» አለች። በቃ። እኛ ስድስታችንም ወንዶች ስለሆንን ይኼን ለሁለት ወር አላሰብነውም። መጀመሪያ ልንጠይቃት ይገባ ነበር።

ክፍሏን በብሎኬት ለሁለት ከፈልናት። ግማሹ ዕቃ፣ ግማሹ የሴቶች ልብስ መቀየሪያ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ። ሽንት ቤቱ የላሜራ በር ገባለት። ከበሩ እስከ ሜዳው ሁለት መብራት ተተከለ።

ይኼ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ ብሔራዊ ቡድናችንን ያስብ። አገራችን ውስጥ ያሉት ስታዲየሞች የካፍን፣ ማለት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ መስፈርት ስላላሟሉ ለዓመታት የራሳችንን የሜዳ ጨዋታ ሰው አገር ሄደን ነው የተጫወትነው። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። በ«ሜዳችን»! ልቤ በደስታ ዘለለ፤ አብሮ ደግሞ አዘንኩ። ካፍ የሚቆጥረው ሣሩን ብቻ አይደለም። መልበሻ ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ መብራቱንም ነው። ያን መቁጠር መልመድ ያለብን ከሰፈር ነው ብዬ አምናለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

አርማታው 28 ቀን ሞላው። ከቀለም በፊት አንድ ፈተና አደረግን። አምስት ጀሪካን ውሃ ወለሉ ላይ ደፍተን ጠበቅን። አብዛኛው ወደ ቦዩ ወረደ። አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት ጥግ ግን የእንጀራ ምጣድ የምታክል ኩሬ ቀረች። ጥልቀቷ ሁለት ብር ሳንቲም ደራርቦ ያህል ነው። ግንበኛው «ትለፍ» አለ። አላለፍናትም። በዚያ ጥግ በኩል ነው ያለፈው ሁሉ የተበላሸው። በግራይንደር ዳሯን ሞርደን ውሃው መውጫ አገኘ።

ቅዳሜና እሑድ፣ ታኅሣሥ 26 እና 27

መስመር። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ነው። አራቱን ጎን መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ሜዳው ሊዘም ይችላል። ስለዚህ ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ወጥረን ሁለቱንም ሰያፍ ለካን። እኩል ሆነው 20 ሜትር ከ12 ሳንቲም ሲመጡ ነው ቀጥ ያለው። የመጀመሪያው ሙከራ አራት ሳንቲም ተለያየ። ሦስተኛው ላይ ገጠመ። የመረቡ ምሰሶ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43፣ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24።

ቀለሙን ልጆቹ መረጡ። የቅርጫቱ መስመር ነጭ፣ የመረብ ኳሱ አረንጓዴ። አረንጓዴ ለምን እንደመረጡ ጠየቅሁ። ከድሮው ንጣፍ የተሰበረውን ቁራጭ አይተው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ከተራ። ሥራ የለም። ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ በሚያልፉበት መንገድ ወጣቶቹ ምንጣፍ ለማንጠፍ መጥረጊያና ቱቦ ፈልገው መጡ። ከክፍሏ አውጥተን ሰጠናቸው።

ጃን ሜዳን ሳይ ሁልጊዜ 2012 ትዝ ይለኛል። በኮሮና ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር። ሩጫው፣ ኳሱ፣ ልምምዱ ሁሉ ቆመ። ያኔ የነበረን ይቺ የተሰነጠቀች ሜዳ ብቻ ነበረች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሯጮች በዙሪያዋ ይዞሩ ነበር፤ በአንድ ዙር መቶ ሜትር እንኳ በማትሞላ ሜዳ። ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄዶ ጃን ሜዳ ለ2013 ጥምቀት ሲጸዳ እኛም መጥረጊያ ይዘን ሄደን ነበር። ትልቁ ሜዳ ሲዘጋ ትንሹ እንደሚያስፈልግ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ፣ ጥር 18

ተከፈተ። ሪባን አልነበረም። ጋሼ ፊሽካ ነፉ፣ ልጆቹ ገቡ። የመጀመሪያው ጨዋታ የሴቶች መረብ ኳስ ነበር። የ14 ዓመቷ ልጅ ሰርቭ መታች፤ ኳሱ መረቡን ነክቶ በዚያ ማዶ ወደቀ። ያ የክለብ ሙከራ የወደቀው ጓደኛችንም መጥቶ ነበር። ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከቅጣት መስመር ሲጥል አየሁት። ብቻውን፣ መብራቱ ስር፣ ከሃያ ምናምን ጊዜ በላይ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ማስታወሻውን ጥር ላይ ልዘጋው ነበር። ዝናብ እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ከሰዓት የበልግ ዝናብ መጣ። ከባድ ነበር፤ በረዶም ነበረበት። ጃንጥላ ይዤ ሮጥኩ። ጓደኛዬ ቀድሞኝ የላይኛው መንገድ ላይ ቆሟል። የመንገዱ ውሃ ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና የውሃ ኮዳ እየገፋ ወረደ። ሜዳው አፍ ላይ ሲደርስ ታጠፈና ቦዩ ውስጥ ገባ። ፍርግርጉ ጋ ቅጠል ሲያፍነው ጓደኛዬ በእጁ አነሳለት። ከዚያ ውሃው እየጮኸ ወረደ።

ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ ከእማማ ሻይ ቤት ጣራ ስር ወጡ። ሁለት መጥረጊያ ነበራቸው። አሥር ደቂቃ ጠርገው ጨዋታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ 11 ለ 9።